ላፕቶፑን ከማስሞቃችሁ በፊት፦ የግራፊክስ ቺፕ ሲሞት ምን እናድርግ?

ሰኔ ሲገባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ላፕቶፕ የሚጠግን ሰው እንቅልፍ አያገኝም። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስረክቡ ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ሳምንት ይመጣሉ። አንዱ ኪቦርዱ ላይ ቡና ደፍቷል። የሌላው ቻርጀር ተቃጥሏል። "እህቴ፣ በፈጠረሽ ለሰኞ አድርሺልኝ" የማይል የለም።

በ2008 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የመጣችውን አንዲት የማስተርስ ተማሪ ግን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ላፕቶፑን የላከላት ሜሪላንድ ያለው ወንድሟ ነው። ሲከፈት ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በቀጫጭን መስመር ይሸነሸናል፣ ከዚያ ይጠቁራል። ፈትቼ ሳየው የግራፊክስ ቺፑ ዙሪያ ቡናማ ቅሪት አለ። አጠገቡ ያለችው ነጭ የፕላስቲክ ማያያዣ ቀልጣ ተጣማለች። "አስሞቅሽው እንዴ?" አልኳት፤ የሞተውን ቺፕ በሙቅ አየር ነፍቶ ማስነሳትን ማለቴ ነው። አዎ አለች። ሌላ ቤት ከፍላ አስሞቀችው፣ 19 ቀን ሠራላት፣ ከዚያ ተመልሶ ሞተ።

የመለያ ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገባሁት። ልክ ለዚያ ሞዴል፣ ልክ ለዚያ ብልሽት የተከፈተ ነጻ የጥገና ፕሮግራም ነበር። ጊዜውም አላለፈም። በሳምንቱ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ዘመድ ተገኘና ላክነው። ብዙም ሳይቆይ መልስ መጣ። ቦርዱ በሌላ ሰው ተነክቷል፣ ጉዳት ደርሶበታል፣ አንቀበልም የሚል ነው።

ጥፋቱ የልጅቷ አልነበረም። ያሞቀላትም ሰው ሊጎዳት ብሎ አላደረገውም። እኔ ራሴ በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ብዙ ቺፕ አሙቄያለሁ። ያኔ የማውቀው እሱን ብቻ ነበር። ልጅቷ ያጣችው ምኑ ቀድሞ ምኑ እንደሚከተል የሚነግራት ሰው ነው። ይህን የምጽፈው እናንተም እንዳታጡት ነው።

ቺፑን የሚገድለው ምንድን ነው?

የግራፊክስ ቺፕ ስክሪን ላይ የምታዩትን ምስል የሚሠራው ነው። ጥገና ቤት ስትሄዱ "ቪጂኤው ሄዷል" ከተባላችሁ የሚወራው ስለዚሁ ነው እንጂ ስለ ሰማያዊዋ የፕሮጀክተር መሰኪያ አይደለም። በብዙ ላፕቶፕ ላይ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው ያለው። ጠንከር ያለ ሥራ እንዲሠሩ በተሠሩት ላይ ደግሞ ከእሱ ሌላ ለብቻው ማዘርቦርዱ (ዋናው ቦርድ) ላይ የተበየደ ቺፕ አለ። የበለጠ የሚያስቸግረው ይሄ ለብቻው ያለው ነው።

ሁለት ፎቅ አድርጋችሁ አስቡት። ከላይ የሚያብረቀርቅ የሲሊከን ቁራጭ አለ። እሱ በጣም በደቃቅ የብየዳ ነጥቦች አረንጓዴ መቀመጫ ላይ ተጣብቋል። መቀመጫው ደግሞ ተለቅ ባሉ የብየዳ ኳሶች ማዘርቦርዱ ላይ ተቀምጧል። ስታበሩት ይግላል፣ ስታጠፉት ይቀዘቅዛል። ሲሊከኑና መቀመጫው ሲግሉ እኩል አይለጠጡም። ስለዚህ መሃል ያሉት ደቃቅ ነጥቦች በየቀኑ ይጎተታሉ። ሽቦ ወዲያና ወዲህ ስታጣጥፉ መጀመሪያ ምንም አይሆንም፣ ከዚያ በድንገት ቀጭ ይላል። እነዚህም እንደዚያ ናቸው። ነጥቦቹን ደግፎ የሚይዝ ሙጫ በመሃላቸው ይሞላል። ሙጫው በቺፑ ሙቀት የሚለሰልስ ዓይነት ከሆነ ግን ድጋፉ ይቀራል።

ይህ የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2008 ኤንቪዲያ የተባለው ቺፕ ሠሪ ለባለሀብቶቹ መግለጫ አወጣ። ላፕቶፕ ውስጥ የገቡ አንዳንድ ቺፖቹ በተሠሩበት የማሸጊያ ቁስ ድክመት ምክንያት ከተለመደው በላይ እየተበላሹ መሆኑን ገለጸ። ለጥገናና ለምትክ ከ150 እስከ 200 ሚሊዮን ዶላር እንደሚመድብም ተናገረ። ጂፎርስ 8400ኤም እና 8600ኤም የሚባሉት ቺፖች ስም የጠፋው ያን ጊዜ ነው። ላፕቶፑን የሠሩት ድርጅቶች የሰጡት መልስ የተለያየ ነበር። ዴል መጀመሪያ ፋኑ ቶሎ ቶሎ እንዲሽከረከር የሚያደርግ የባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው ፕሮግራም) ማሻሻያ አወጣ፣ ቀጥሎ ለተጎዱት ሞዴሎች ዋስትናውን በ12 ወር አራዘመ። ኤችፒ ለተወሰኑ የፓቪሊዮንና የኮምፓክ ፕሬሳሪዮ ሞዴሎች ዋስትናውን ወደ 24 ወር አሳደገ። አፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008፣ 8600ኤም ጂቲ ያለባቸው ማክቡክ ፕሮዎች በዚህ ምክንያት ከተበላሹ ዋስትናቸው ቢያልፍም በነጻ እጠግናለሁ አለ። መጀመሪያ ከተገዙ 2 ዓመት ድረስ ነበር፣ በኋላ ወደ 4 ዓመት ተራዘመ።

ነገሩ በዚያ አላበቃም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጡት 15 እና 17 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች የኤኤምዲ ራዲዮን ቺፕ ነበራቸው። እነሱም መስመር እያወጡ መጥቆር ጀመሩ። አፕል የጥገና ፕሮግራሙን የከፈተው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2015 ነው። ሰው ማሽኑን ገዝቶ አራት ዓመት ገደማ ካለፈው በኋላ ማለት ነው። ከዚያ በፊት ከኪሳቸው ከፍለው ላስጠገኑትም ገንዘቡን የሚመልስበት መንገድ አዘጋጀ።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። "ዋስትናው አንድ ዓመት ነው፣ አልፏል፣ በቃ" ብሎ ተስፋ መቁረጥ ትክክል አይደለም። ለአንድ የታወቀ ብልሽት የሚከፈት ፕሮግራም ከተራው ዋስትና የተለየ ነገር ነው። ከዓመታት በኋላ ሊከፈት ይችላል። ሊራዘም ይችላል። የሚዘጋበት ቀን ግን አለው፣ ከዚያ ወዲያ የሚሰማችሁ የለም። የከፈላችሁበት ደረሰኝም አንድ ቀን ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ፋይላችሁን አውጡ

ስክሪኑ መስመር ማውጣት ከጀመረ የቀራችሁ ጊዜ ስንት እንደሆነ አይታወቅም። ዛሬ የሚነሳው ነገ ላይነሳ ይችላል። ስለዚህ ምርመራ ሳትጀምሩ የምትፈልጉትን ሁሉ ገልብጡ። ስክሪኑ ጨርሶ ጠቁሮ ከሆነ ቲቪ ወይም ሞኒተር ሰክታችሁ ሞክሩ። እሱም ካልሆነ ዲስኩን አስወጥታችሁ በዩኤስቢ ኬዝ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ክፈቱት። ቺፑ ቢሞትም ዲስኩ ደህና ነው። ያቺ ተማሪ ጽሑፏን የጨረሰችው እንደዚያ ነው። ዲስኳን አውጥቼ ከሱቁ ጓዳ ባለች አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ አሠራኋት። ሁለት ቀን እዚያ ተቀምጣ ጻፈች።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ዊንዶውስ ዲስኩን በቢትሎከር ቆልፎት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ባለ 48 አሃዝ የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃችኋል። ቁጥሩ ብዙ ጊዜ የማይክሮሶፍት አካውንታችሁ ውስጥ ተቀምጧል። አሁኑኑ ፈልጋችሁ ወረቀት ላይ ጻፉት። ማዘርቦርዱ ሲቀየርም ይኸው ቁጥር መጠየቁ አይቀርም። ሁለተኛ፣ በብዙ አዳዲስ ስስ ላፕቶፖች ላይ ማከማቻው ራሱ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። እንደዚያ ከሆነ ቦርዱ ሲቀየር ፋይላችሁ አብሮ ይሄዳል። የሚመልሰው የለም።

በእርግጥ ቺፑ ነው?

ወደ ሱቄ "ቪጂኤው ሞቷል ተብዬ ነው" ብለው ከሚመጡት ውስጥ ብዙዎቹ ችግራቸው ሌላ ነው። የስክሪን ገመድ ይሆናል፣ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) ይሆናል፣ ድራይቨር (ዊንዶውስ ግራፊክሱን የሚያዝበት ፕሮግራም) ይሆናል። እነዚህን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ግማሽ ሰዓትና ትዕግሥት ይበቃል።

መስመሩ ላፕቶፑ ላይ እየታየ ሳለ በኤችዲኤምአይ ቲቪ ወይም ሞኒተር ሰኩ። ቲቪው ላይ ምስሉ ጥርት ካለ ጥርጣሬያችሁን ወደ ስክሪኑ ወይም ወደ ገመዱ አዙሩ። ቲቪውም ላይ ያው መስመር ከታየ ችግሩ ከስክሪኑ በፊት ነው ያለው። ከዚያ ክዳኑን ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። መስመሩ ከእንቅስቃሴው ጋር የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ ገመዱ ነው። ርካሽ ጥገና ነው፣ ደስ ይበላችሁ።

እኔ በጣም የምወዳት አንዲት ዘዴ አለች። መስመሩ እየታየ ስክሪንሾት አንሱና ወደ ስልካችሁ ላኩት። ስልኩ ላይ ስታዩት መስመሩ ምስሉ ውስጥ ካለ ስክሪኑ ነጻ ወጣ። ምስሉ ሲሠራ ነው የተበላሸው። ስልኩ ላይ ንጹህ ከሆነ ግን ቺፑ ነጻ ነው ማለት አይደለም፣ ገና ምስሉን ወደ ስክሪኑ ሲልክ ሊያበላሸው ስለሚችል የቲቪውን ሙከራ እመኑ።

ስክሪኑ ጭልም ያለ ሲሆን የስልካችሁን መብራት አስጠግታችሁ አብሩበት። ደብዘዝ ያለ ምስል ከታያችሁ የጠፋው የስክሪኑ የጀርባ መብራት ነው። ቺፑ ሥራውን እየሠራ ነው።

ቀጥሎ መስመሩ መቼ እንደሚጀምር አስተውሉ። ገና ሲበራ፣ የአምራቹ አርማ ላይ ወይም ባዮስ ውስጥ ካለ፣ ድራይቨር አይደለም። ያኔ ዊንዶውስ ገና አልተነሳም። ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ብቻ የሚመጣ ከሆነ በሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ) አስነሱትና እዩ። እዚያ ደህና ከሆነ ድራይቨሩን አጥፍታችሁ ከአምራቹ ገጽ አዲስ ጫኑ። ዲቫይስ ማኔጀር (ዊንዶውስ የላፕቶፑን ክፍሎች የሚዘረዝርበት ገጽ) ውስጥ ግራፊክሱ ላይ ቢጫ ምልክትና "ኮድ 43" ካያችሁም መጀመሪያ ይህንኑ አድርጉ። ድራይቨሩ በንጽህና ተጭኖ ኮድ 43 ከተመለሰ ግን የቺፑ ነገር አሳሳቢ ነው።

ራሙን አትርሱ። ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ የሆነ ላፕቶፕ ለምስሉ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ነው። የተበላሸ ራም ልክ የሞተ ቺፕ መስሎ ይታያል። ሁለት ራም ካለ አንዱን አውጥታችሁ፣ ከዚያም አቀያይራችሁ ሞክሩ።

ሁለት ግራፊክስ ያለው ላፕቶፕ ከሆነ ለብቻው ያለውን ቺፕ ከባዮስ ወይም ከዲቫይስ ማኔጀር አጥፉት። ማሽኑ በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ብቻ ሰላም ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። እግረ መንገዳችሁንም ለጊዜው የምትሠሩበት ላፕቶፕ አገኛችሁ። ቪዲዮ የማያቀናብርና ጌም የማይጫወት ሰው በዚያው ዓመታት ሊቆይ ይችላል።

ስለ ማሞቅ

ይህን ክፍል ዘለግ አድርጌ ብጽፈው ይቅር በሉኝ። እዚህ ላይ የማየው ጉዳት ያሳዝነኛል።

ሂት ጋን ወይም ሆት ኤር ቺፑ ላይ ሲነፋ ላፕቶፑ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ይህ እውነት ነው። ባለቤቱም ጠጋኙም "ብየዳው ቀልጦ ተያያዘ" ይላሉ። ግን እርሳስ የሌለው ብየዳ የሚቀልጠው 217 ዲግሪ አካባቢ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2006 ጀምሮ የአውሮፓ ሕግ በእርሳስ ላይ ገደብ ስላደረገ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኙት ኳሶች በአብዛኛው የዚህ ዓይነት ናቸው። እነዚህ ቺፖች ግን ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት፣ ምንም ሳይቀልጥ ሲነሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ታዲያ ምን ተጠገነ? ምንም። የተሰነጠቁት ደቃቅ ነጥቦች በሙቀቱ ተለጥጠው ለጊዜው ተነካኩ። ጥቂት ቀን ወይም ጥቂት ሳምንት ሲግሉና ሲቀዘቅዙ መልሰው ይለያያሉ።

ሪቦሊንግ የሚባለውም ብዙ ሰው እንደሚያስበው መድኃኒት አይደለም። ሪቦሊንግ ቺፑን አንስቶ ከታች ያሉትን ኳሶች በአዲስ መተካት ነው። የተሰነጠቀው ግን ከላይኛው ፎቅ ውስጥ ያለው ከሆነ የታቹን ማደስ ምን ይረባል? ሥራው ከባድ ነው፣ ዋጋውም ከባድ ነው። ቺፑ ግን ያው የታመመው ቺፕ ነው። ከዋስትና ውጪ ሆናችሁ ከምር ማስጠገን ካለባችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ "አዲስ ቺፕ ነው የምትቀይሩልኝ? የተሠራበት ቀን ከችግሩ በኋላ ነው?" ቺፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ቀኑን ይናገራል። ጥሩ ባለሙያ ሲጠየቅ አይቆጣም፣ ያሳያችኋል።

ማዘርቦርድ ዳቦ በምትጋግሩበት ኦቨን ውስጥ ማስገባትን የሚያስተምሩ ቪዲዮዎች አሉ። እባካችሁ አታድርጉት። የሚነደው ፕላስቲክና ኬሚካል ልጆቻችሁ የሚበሉበት ውስጥ ነው የሚቀረው።

ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙም ይህ እውቀት ይጠቅማችኋል። የታችኛው ክዳን ብሎኖች ጭንቅላታቸው ተፍቆ እንደሆነ እዩ። ሻጩ ከፈቀደ ይከፈት። ቺፑ ዙሪያ ቡናማ ወይም ቢጫ ቅሪት፣ የተጨማደደ ተለጣፊ ወረቀት፣ ጠርዙ የቀለጠ ማያያዣ ካለ ሞቆ የተነሳ ነው። ካልተፈቀደላችሁ ደግሞ 20 ደቂቃ ቪዲዮ እያጫወታችሁ፣ ቲቪ ላይ ሰክታችሁ፣ ፋኑን እያዳመጣችሁ ቆዩ። አጥፍታችሁ ደግማችሁ አብሩት። የሚቸኩል ሻጭ አያስቸኩላችሁ።

ዋስትናውን መጠየቅ

ቺፑ መሆኑን ካረጋገጣችሁ እጃችሁን ከማሽኑ ላይ አንሱና ማስረጃ ሰብስቡ። ብልሽቱን በስልክ ቪዲዮ ቅረጹት። አንዴ መስመሩ ከባዮስ ጀምሮ ሲታይ፣ አንዴ ቲቪው ላይ ሲታይ። ሥር ያለውን የመለያ ቁጥር በዚያው ቪዲዮ አሳዩ። ይህ የሚያስፈልገው የእነዚህ ቺፖች ብልሽት የሚመጣና የሚሄድ ስለሆነ ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ሲደርስ ደህና ሆኖ ይነሳና "ምንም ችግር አላገኘንም" ብለው ይመልሱላችኋል። ቪዲዮው ካለ ይህን ማለት ይከብዳቸዋል።

ከዚያ የመለያ ቁጥሩን አምራቹ ድረ ገጽ ላይ አስገቡ። ዴል ላይ "ሰርቪስ ታግ" ይባላል። የሚወጣላችሁ ተራው የዋስትና ቀን ነው። እሱ አልፏል ቢላችሁም አታቁሙ። የሞዴሉን ስምና "የጥገና ፕሮግራም" ወይም "የተራዘመ ዋስትና" የሚሉትን ቃላት በእንግሊዝኛ አድርጋችሁ ፈልጉ። ፕሮግራም ካለ አምራቹ ራሱ ገጹ ላይ ሞዴሎቹን፣ የተሠሩበትን ዘመንና ማብቂያውን ቀን ይዘረዝራል።

የተራዘመ ዋስትና ሲባል ግን ሁለት ነገር ነው፣ አይደባለቅባችሁ። አንዱ አሁን የነገርኳችሁ፣ አምራቹ በነጻ የሚከፍተው ነው። ሌላው ስትገዙ ከሱቁ ወይም ከአምራቹ በገንዘብ የምትገዙት ነው። በገንዘብ የተገዛው ውል ወረቀት አለው። ወረቀቱ ላይ መውደቅና ውሃ ይካተት አይካተት፣ የት አገር እንደሚሠራ፣ ስንት ጊዜ ተጠግኖ ካልተሳካ ምትክ እንደሚሰጥ ተጽፏል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የገዛችሁበትን ክሬዲት ካርድ ውል እዩ። አንዳንዱ ካርድ የአምራቹን ዋስትና በአንድ ዓመት ያራዝማል። ይህንን ብዙ ወገኖቻችን ሳያውቁት ነው የሚያልፈው።

ሕጉም ይረዳችኋል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ ሕግ፣ ሌላ ቤት ስላስጠገናችሁ ወይም ተለጣፊው ስለተቀደደ ብቻ ዋስትናችሁ ይፈርሳል ማለትን ይከለክላል። ፋኑን ያጸዳ ሰው መሸማቀቅ የለበትም። ግን ጥገናው ራሱ ጉዳት ካደረሰ አምራቾቹ ለዚያ ጉዳት ተጠያቂ አይሆኑም። የቀለጠችው ነጭ ማያያዣ ልጅቷን ያስከፈለቻት ይህንን ነው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ አዲስ ዕቃ የገዛ ሰው በሻጩ ላይ ቢያንስ የ2 ዓመት መብት አለው። አገር ቤት ደግሞ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። 15 ቀን አጭር ነው። ስለዚህ ላፕቶፕ ስትገዙ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንትም ሳትሳሱ አሠሩት።

ከውጭ የተላከላችሁ ከሆነ ላኪውን ደረሰኙን ፎቶ አንስቶ እንዲልክላችሁ ዛሬውኑ ጠይቁት። የገዛበት ኢሜይል ውስጥ ሊኖር ይችላል። በስሙ ከተመዘገበም ደብዳቤና ስልክ ለእሱ ነው የሚደርሰው፣ ስለዚህ ይወቀው። ላፕቶፑን በሰው ስትልኩ የእጅ ሻንጣ ውስጥ ይሁን። ተነቃይ ባትሪ ካለው ለብቻው የተነቀለ ባትሪ ወደ ጭነት ሻንጣ አይገባም። ለሚወስድላችሁ ሰው የመለያ ቁጥሩን፣ የፕሮግራሙን ገጽ ያተማችሁበትን ወረቀትና ቪዲዮውን ስጡት። ሰውየው ስለ ቺፕ ምንም ላያውቅ ይችላል። ወረቀቱ ይናገርለት።

ስታመለክቱ ታሪክ አታብዙ። "ስክሪኑ ተበላሸ" አትበሉ፣ ስክሪን እንዲቀየር ዋጋ ይነግሯችኋል። "ምስሉ ገና ሲበራ ይሰነጣጠቃል፣ በውጭ ሞኒተርም ያው ነው፣ ቪዲዮ አለኝ፣ በእናንተ የግራፊክስ ጥገና ፕሮግራም ውስጥ ያለ ሞዴል ነው" በሉ። መጀመሪያ ያነጋገራችሁ ሰው አላውቅም ካለ ገጹን አሳዩትና የበላዩን በትሕትና ጠይቁ። የተነጋገራችሁበትን ቀንና የጉዳይ ቁጥር ጻፉ። ከዚህ በፊት ከፍላችሁ አስጠግናችሁት ከነበረ "ገንዘብ ይመለሳል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሳትጠይቁ የሚነግራችሁ ሰው አይኖርም።

ስትረከቡ

ላፕቶፑ ሲመለስ እዚያው ቆማችሁ አብሩት። የሥራ ትእዛዝ ወረቀቱ ላይ ማዘርቦርዱ መቀየሩ በጽሑፍ ይኑር። "ተፈትሾ ደህና ሆኗል" የሚል ከሆነ ምንም አልተቀየረም። የተቀየረው ቦርድ ላይ የገባው የመለያ ቁጥር ከሥሩ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ባዮስ ውስጥ እዩ፣ ባዶ ከሆነ እንዲያስገቡት አድርጉ፣ ካልሆነ ቀጣዩ የዋስትና ጥያቄያችሁ ላይ ጣጣ ያመጣል። ለጥገናው ራሱ ስንት ቀን ዋስትና እንዳለው ጠይቁ። አፕል ለምሳሌ ለሠራው ጥገና 90 ቀን ይሰጣል።

ቤት ስትገቡ በእነዚያ ቀናት ውስጥ ማሽኑን አትንከባከቡት፣ አሠሩት። ረጅም ቪዲዮ፣ ቲቪ ላይ ተሰክቶ፣ ጠዋት በርቶ ማታ ጠፍቶ። የሚሞት ከሆነ ዋስትናው ሳያልቅ ይሙት። ከዚያ በኋላ ግን ፍራሽና ብርድ ልብስ ላይ አታስቀምጡት። በዓመት አንዴ ፋኑ ይጠረግ፣ የደረቀው የሙቀት ፔስት ይቀየር። የአዲስ አበባ አቧራ ፋኑ ውስጥ ገብቶ እንደ ጥጥ ይጋገራል፣ በየሳምንቱ ነው የማወጣው።